ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ፦ የለንደን አውቶቡሶች ስለ መቀመጥ ያሳዩት

ብዙ መቀመጥ ልብን ይጎዳል ሲባል ዛሬ ማንም አይደነቅም። ሐኪም ይናገረዋል፣ ሬዲዮ ይናገረዋል፣ የእጅ ሰዓት እንኳ «ተነስ» እያለ ይነዝራል። ከሰባ ዓመት በፊት ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አልነበረም። ልቡን የታመመ ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ እንዲቆይ ይታዘዝ ነበር። ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ በመዋሉ ልቡ ሊታመም ይችላል የሚለውን ሐሳብ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ፈትሾ ያሳየው አንድ የለንደን ጥናት ነው። የተጠናውም በአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ነው።

ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ልጽፈው የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ስለ መቀመጥ የምንሰማው ምክር ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ ሰውየው ላይ ይጥላል። «ስፖርት አትሠራም፣ አቀማመጥህ ተበላሽቷል፣ ለራስህ አታስብም» ይባላል። ይህ ጥናት ዓይናችንን ወደ ሌላ ቦታ ይመልሳል። ቀጣሪያቸው አንድ፣ የደንብ ልብሳቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ የሆኑ ሰዎች በሥራ ድርሻቸው ተለያይተው ጤናቸውም አብሮ ሲለያይ ያሳያል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ጥያቄ

ጄረሚ ሞሪስ በ1910 ሊቨርፑል ተወለደ። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ነበሩ። ያደገው ግላስጎው ከተማ ውስጥ በድህነት ነው። ሐኪም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሕንድ የጦር ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል በ1948 ያቋቋመውን የማኅበራዊ ሕክምና ጥናት ክፍል መራ። ወዳጆቹ ጄሪ ይሉት ነበር።

በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ሐኪሞች ግራ ገብቷቸው ነበር። በጎልማሳ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም ይሞታሉ፤ ቁጥራቸውም ይጨምራል። ትናንት ሥራ ውሎ የገባ ሰው ዛሬ ደረቱን ይዞ ይወድቃል።

ሞሪስ በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከ1907 ጀምሮ የተቀመጡ የአስከሬን ምርመራ መዝገቦችን አገላበጠ። ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ስብ በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ እንዳልጨመረ አየ። የደም ሥሩ ተዘግቶ ልባቸው የተጎዳ ሰዎች ቁጥር ግን በብዙ እጥፍ አድጓል። ስቡ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም ማለት ነው። በሰዎች ኑሮ ውስጥ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ።

መልሱን በሥራ ቦታ ሊፈልገው ወሰነ። ጎልማሳ ሰው ከቀኑ ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው እዚያ ነውና። ልዩ ልዩ የሥራ ዓይነቶችን እየመረጠ በእያንዳንዱ ስንት ሰው በልብ እንደሚታመም መቁጠር ጀመረ። የአውቶቡስ ሠራተኞች ከተመረጡት ሥራዎች አንዱ ነበሩ።

ሁለት ሰው በአንድ አውቶቡስ

የዘመኑ የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በብዛት ይሠራበት የነበረው ዓይነት 56 መቀመጫ ነበረው፤ 30ው ከላይ፣ 26ቱ ከታች። ሹፌሩ ከፊት በኩል ለብቻዋ በተከለለች ጠባብ ክፍል ይቀመጣል። ከተሳፋሪ ጋር አይገናኝም። ትኬት ቆራጩ ከኋላ፣ በሩ ክፍት ከሆነው መሳፈሪያ ጀምሮ ያለው ቦታ ሁሉ የሱ ነው። ሂሳብ ይቀበላል፣ ትኬት ይሰጣል፣ አዛውንት ደግፎ ያስገባል፣ ከታች ጨርሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ጨርሶ ይወርዳል። ደወሉን ሁለቴ ሲደውል ሹፌሩ መኪናውን ያንቀሳቅሳል።

የኛን ሚኒባስ ታክሲ የለመደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሹፌሩ ከመሪው አይነሳም። ረዳቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ይዘላል። የለንደኑ ትኬት ቆራጭ በዚህ ላይ ደረጃ ነበረበት።

በሰዓት ሲለካ ሹፌሩ ከሥራ ጊዜው 90 በመቶ ያህሉን ተቀምጦ ያሳልፍ ነበር። ትኬት ቆራጩ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የደረጃ እርከን ይወጣ ነበር። ይህን በዓመት፣ ከዚያም በሃያ ዓመት አስቡት።

ለተመራማሪ ይህ የማይገኝ ዕድል ነው። የባንክ ኃላፊን ከቀን ሠራተኛ ጋር ብታወዳድሩ ገንዘቡ፣ ምግቡ፣ ቤቱ፣ ትምህርቱ ሁሉ ይለያያል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን አንድ ከተማ ይኖራሉ። ከአንድ ድርጅት ደመወዝ ይበላሉ። አንድ ጎዳና ላይ አንድ ጭስ ይተነፍሳሉ። ፈረቃቸው አንድ ነው። ጎልቶ የሚታየው ልዩነት አንዱ ተቀምጦ፣ ሌላው ቆሞና እየተንቀሳቀሰ መዋሉ ነው።

ቁጥሩ

ጥናቱ በ1949 እና በ1950 ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን 31,000 ገደማ ወንድ የለንደን ትራንስፖርት ሠራተኞች ያካተተ ነበር። ከሞሪስ ጋር የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሄዲና የትራንስፖርት ድርጅቱ ሐኪም ራፍል ነበሩበት። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ሕመምና ሞት በመዝገብ ይይዝ ስለነበር ማን መቼ በልብ እንደታመመ መከታተል ተቻለ።

ውጤቱ በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የልብ ሕመም የያዛቸው ትኬት ቆራጮች በዓመት ከ1,000 ሰው 1.9 ነበሩ። ሹፌሮቹ 2.7። በሌላ አነጋገር ከ10,000 ትኬት ቆራጭ 19 ሰው ሲታመም፣ ከ10,000 ሹፌር 27 ሰው ይታመማል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የያዘኝ የሕመሙ መልክ ነው። ትኬት ቆራጮቹ ሲታመሙ ሕመሙ ቀለል ብሎ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ በሚሰማ የደረት ውጋት ይገለጣል፤ ሐኪም ጋ ለመድረስም ጊዜ ይሰጣል። ሹፌሮቹ ላይ ግን በድንገት ይመጣና በድንገት ይገድላል። በልብ ሕመም ድንገት መሞት በሹፌሮቹ ዘንድ እጥፍ ያህል ነበር። እንቅስቃሴው በሽታውን መቀነስ ብቻ ሳይሆን፣ የመጣውንም በሽታ ያለዘበው ይመስላል።

ሞሪስ ይህን አይቶ ወዲያው አልጮኸም። አንድ ጥሩ ውጤት በአጋጣሚ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል። ሌላ ሥራ ላይም እንዲሁ ይሆን እንደሆነ መታየት ነበረበት። በፖስታ ቤትና በሲቪል ሰርቪስ ከሚሠሩ 110,000 ገደማ ወንዶች የተሰበሰበው ቁጥር ሲደርስ መልሱ ተገኘ። በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያደርሱት ፖስተኞች፣ ቁጭ ብለው ከሚውሉት የስልክ ኦፕሬተሮችና ጸሐፊዎች ያነሰ የልብ ሕመም ነበራቸው። በሥራ ብዙ የሚንቀሳቀስ ወንድ በጎልማሳነቱ በልብ የመታመም ዕድሉ ያንሳል፤ ሕመሙ ቢመጣም ቀለል ይላል። ይህን መላ ምት ይዘው ወጡ።

የሱሪው ጉዳይ

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። መምጣቱም ተገቢ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል። ምናልባት ሹፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራም ቢሆኑስ? ወፍራም ሰው የመቀመጥ ሥራ ይመርጣል፤ ቀጭኑና ቀልጣፋው ትኬት ቆራጭ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ልባቸውን ያሳመመው ውፍረታቸው እንጂ ወንበራቸው አይደለም።

ይህን ለመመለስ የሠራተኞቹ የሰውነት መጠን ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ሰው ማን ይመዝናል? እዚህ ላይ የተጠቀሙበት ዘዴ ከጥናቱ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ይሰጣል። ልብስ ለመስጠት ደግሞ ልክ ይወሰዳል። የሱሪ ወገብ ልክ በመዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል! ሞሪስ፣ ሄዲና ራፍል ያን መዝገብ ወስደው የሹፌሮቹን ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ወገብ ጋር አነጻጸሩ። ይህ በ1956 ታተመ።

የሹፌሮቹ ወገብ በእርግጥ ሰፊ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግማሽ መንገድ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ልዩነቱ ገና በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ግን ዋናው ጥያቄ መጣ። ወገባቸው እኩል የሆኑትን ሹፌርና ትኬት ቆራጭ ብናወዳድርስ? ቀጭኑን ከቀጭን፣ መካከለኛውን ከመካከለኛ፣ ቦርጫሙን ከቦርጫም ጋር አስተያዩ። በሁሉም ዘንድ ሹፌሩ ለድንገተኛ ሞት ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ቀጭን መሆን ሹፌሩን አላዳነውም።

ይህችን ውጤት ብዙ ሰው ልብ አይላትም። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ምን አለብኝ» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። የለንደኑ ቀጭን ሹፌርም እንደዚያ ሊል ይችል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ጭንቀት ነው። ሹፌር የሰው ሕይወት ተሸክሞ በተጨናነቀ ከተማ ይነዳል። ብቻውን ነው። ትኬት ቆራጩ ግን ከሰው ጋር ያወራል፣ ይስቃል። ምናልባት ልብን የጎዳው ጭንቀቱ ይሆናል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በአውቶቡስ ጥናቱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ አይችልም። የፖስታ ቤቱ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው። ጸሐፊው መኪና አይነዳም። የስልክ ኦፕሬተሩ በጭጋግ መሀል እግረኛ እንዳይገጭ አይጨነቅም። ሁለቱም ግን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ከፖስተኛው ይበልጥ ይታመማሉ።

በ1960ዎቹ ሞሪስና ባልደረቦቹ ተመልሰው ወደ አውቶቡስ ሠራተኞቹ ሄዱ። አሁን ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ለኩ። ሁለቱም በሹፌሮቹ ላይ ከፍ ያለ ነበር። በ1967 ደግሞ ሌላ ተመራማሪ ገና በወጣትነታቸው ሥራውን በያዙት ላይ ባደረገው ጥናት፣ በውፍረትና በደም ስብ ልዩነቱ ያኔውኑ እንደነበረ አሳየ። ስለዚህ ሰው ሥራውን ሲመርጥ ተፈጥሮውንም ይዞ ይገባል። ከልዩነቱ ከፊሉ ከዚያ መጥቷል። ይህን መደበቅ ጥናቱን ማሳነስ ነው እንጂ ማክበር አይሆንም። ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም የመቀመጡ ድርሻ አልጠፋም። በሌሎች አገሮች፣ በሌሎች ሥራዎች፣ በሌሎች መለኪያዎች ተደጋግሞ ታይቷል።

እግር ሥራ ሲፈታ

ለምን እንዲህ ይሆናል? በሰውነታችን ትልልቆቹ ጡንቻዎች ጭን፣ መቀመጫና ባት ላይ ያሉት ናቸው። ስንራመድና ደረጃ ስንወጣ ከደም ውስጥ ስኳርና ስብ እየወሰዱ ያቃጥላሉ። ስንቀመጥ ዝም ይላሉ። ከምሳ በኋላ ወደ ደም የገባው ስኳር የሚወስደው አጥቶ ይቆያል፤ ቆሽት ይበልጥ ኢንሱሊን ማመንጨት ይኖርበታል። በደም ውስጥ ያለውን ስብ የሚሰባብረው ኢንዛይምም በማይሠራ ጡንቻ ውስጥ ይቀንሳል።

በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ ይህን በቀላሉ አሳይቷል። ክብደታቸው ከፍ ያለ 19 ሰዎች ጣፋጭ መጠጥ ጠጥተው ለ5 ሰዓት ተቀመጡ። በሌላ ቀን ያንኑ ጠጥተው በየ20 ደቂቃው ተነስተው 2 ደቂቃ ብቻ ተራመዱ። በተራመዱበት ቀን ከመጠጡ በኋላ የታየው የስኳር ጭማሪ በሩብ ያህል ቀነሰ። 2 ደቂቃ! ይህ ትኬት ቆራጩ ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ያደርገው የነበረው ነገር ነው።

ሌላው የደም ዝውውር ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ይልካል። ከእግር ወደ ላይ የሚመልሰው ግን በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው፤ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባት ሥራ ከፈታ ደሙ ታች ይዘገያል። ሲብስ ይረጋል። የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰው ሊሞት ይችላል።

ይህንንም ያሳየችው ለንደን ናት፤ ከአውቶቡሱ ጥናት አሥር ዓመት ቀደም ብሎ። በ1940 መጨረሻ ወራት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሕዝቡ ሌሊቱን በመጠለያ ያድር ነበር። ብዙዎች በሸራ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድራሉ። የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙ ኪት ሲምፕሰን በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ቦምብ ሳይነካቸው በሳንባ ውስጥ በገባ የረጋ ደም እንደሚሞቱ አስተዋለ። እንዲህ ያለው ሞት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር ስድስት እጥፍ ሆኖ ነበር። የወንበሩ የፊት እንጨት ጭናቸውን ከሥር ስለሚጫነው ደሙ ይበልጥ ይታገዳል። ዛሬ በረጅም በረራ ላይ እግራችንን እንድናንቀሳቅስ የሚነገረን በዚሁ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር ሰው፣ በተለይ አዛውንት ወላጆችን ይዞ የሚሄድ፣ ይህን ቀለል አድርጎ ማየት የለበትም።

ወገብስ?

የሞሪስ ጥናት ስለ ልብ እንጂ ስለ ወገብ አይደለም። ሹፌርን ስለ ጤናው ብትጠይቁት ግን አስቀድሞ የሚያነሳው ወገቡን ነው። መቀመጡ አለ፣ የመኪናው ንዝረት አለ፣ አንገትን አስግጎ መመልከት አለ። ለዓመታት በመኪና ንዝረት ላይ የሚውል ሰው ለወገብ ሕመም ይበልጥ መጋለጡ በተደጋጋሚ ታይቷል።

አቀማመጥን በተመለከተ ግን ከምንሰማው ብዙው ከማስረጃው ይቀድማል። በ1960ዎቹ ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኸምሰን በሕይወት ባሉ ሰዎች የጀርባ አጥንት መሀል ወዳለው ዲስክ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። ሰው ሲቀመጥ ግፊቱ ከቆመበት ጊዜ ይበልጣል አለ። ይህ ውጤት ለብዙ ዓመታት በየትምህርት ክፍሉ ተሰቅሎ ኖረ። በ1999 የታተመ የጀርመን ልኬት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በአንድ በጎ ፈቃደኛ ላይ ነው የተለካው። ዘና ብሎ ሲቀመጥ ግፊቱ ከቆመበት አልበለጠም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሲደገፍ እንዲያውም ቀነሰ። በጣም የጨመረው ሳይደገፍ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ነው።

ከዚህ የምረዳው ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚባለው መድኃኒት አለመሆኑን ነው። ልጅ ሆነን «ቀጥ በል!» እየተባልን አድገናል፤ ጉዳት የለውም። ግን ሰው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ 8 ሰዓት ቢቀመጥም 8 ሰዓት ተቀምጧል። የትልቅ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከዙሪያው እየሰረገ በሚገባ ፈሳሽ ነው፤ በዚህም ጫናው መለዋወጡ ይረዳዋል። ስለዚህ አቀማመጥን መቀያየር፣ መደገፍ፣ መነሳት፣ መራመድ ወገብን ይጠቅማል። ቆሞ መዋል ብቻውንም መልስ አይደለም፤ እግር ያብጣል፣ ወገብ ይደክማል። ትኬት ቆራጩ የተጠቀመው በመቆሙ ሳይሆን በመንቀሳቀሱ ነው።

ትኬት ቆራጩ ሲቀር

ከጊዜ በኋላ የለንደን አውቶቡሶች በአንድ ሰው እንዲሠሩ ተደረገ። ሹፌሩ ራሱ ሂሳብ ይቀበላል፤ በኋላ ደግሞ ካርድ መጣ። በ2005 መጨረሻ የቀድሞዎቹ ከኋላ ክፍት የሆኑ አውቶቡሶች ከመደበኛ መስመር ሲወጡ ትኬት ቆራጭነት አብሮ አለቀለት ማለት ይቻላል። ውሳኔው የገንዘብ ነበር። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ግን በየቀኑ 500 እርከን የሚያስወጣ አንድ ሥራ ጠፋ።

በኛም ዘንድ እንዲህ ያሉ ለውጦች በየቀኑ አሉ። ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ የሚሄደው ሰው ቦታውን ለኮምፒውተር ለቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ የሚሠራ ሹፌር ደንበኛ ፍለጋ ወርዶ አይጣራም፤ ጥሪ የሚጠብቀው እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን ከጠዋት እስከ ምሽት ከመሪው አይላቀቁም። ቤተሰብ ለማስተማርና አገር ቤት ገንዘብ ለመላክ ነው የሚለፉት። እነዚህን ሰዎች «ለጤናህ አታስብም» ማለት ልቤ አይፈቅድም። ሥራቸው ነው ያስቀመጣቸው።

ተስፋ የሚሰጠው ሞሪስ ራሱ ቀጥሎ ያደረገው ጥናት ነው። ሥራ ሁሉ የመቀመጥ ሥራ እየሆነ እንደሚሄድ ገብቶት ነበር። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ የሥራውን ቦታ ይሸፍን እንደሆነ ጠየቀ። 17,000 ያህል ከ40 እስከ 64 ዓመት የሆኑ፣ ሁሉም ቁጭ ብለው የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ያለፈውን ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳሳለፉ ሰኞ ዕለት እንዲጽፉ ተደረገ። በ1973 በወጣው ውጤት በዕረፍታቸው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት በልብ የመታመም ዕድላቸው ከሌሎቹ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ሞሪስ ለሥራው በ1996 ከአሜሪካዊው ራልፍ ፓፈንባርገር ጋር የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ የስፖርት ሳይንስ ሽልማት ተቀበለ። በ2009 በ99 ዓመቱ አረፈ።

በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲተነተኑ፣ በቀን 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ መቀመጥ የሚያመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ብለው በሚንቀሳቀሱት ዘንድ የጠፋ ያህል ሆኖ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ወደዚያ ያልደረሰ ሰውም ቢሆን ከምንም ያለው ይሻላል፤ የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት ራሷ ትጠቅማለች።

ለሹፌር የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ወንበሩን ጉልበትህ ትንሽ እንዲታጠፍና ጀርባህ ሙሉ በሙሉ እንዲደገፍ አስተካክለው። ደንበኛ ስትጠብቅ ውረድና ተራመድ፤ ስልኩ በኪስህ ይጮኻል። ምሳ በልተህ ወዲያው ወደ መሪው አትመለስ። አንዱ ባትህ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመህ፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወይም ደረትህን ጭንቅ ካደረገህ ነገ እሄዳለሁ አትበል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂድ።

ከሹፌሩ በላይ ግን ሥራውን የሚያደራጁት ናቸው ሊያስቡበት የሚገባው። የአውቶቡስ መስመር ሰዓት የሚያወጣ ሰው በመስመሩ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ሊጨምር ይችላል፤ ሹፌሩ ወርዶ የሚራመድበት ጥላ ያለው ቦታ፣ ንጹሕ መጸዳጃና ውኃ ሊያዘጋጅ ይችላል። መጸዳጃ ስለሌለ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሹፌር ብዙ ነው። የቢሮ ኃላፊም በአሥር እርምጃ ርቀት ላለ ባልደረባ ኢሜይል እንዲላክ ከማዘዝ ይልቅ ተነስቶ መነጋገርን ሊያስለምድ፣ አጭሩን ስብሰባ በእግር እየተራመዱ እንዲደረግ ሊፈቅድ ይችላል። የሕንፃ ባለቤት ደረጃውን መብራት ሊያበራበትና ከዕቃ ሊያጸዳው ይችላል። አሁን በብዙ ሕንፃ ደረጃው ጨለማ ነው፤ አንዳንዱ ጋ በሩ ተቆልፏል።